ዛሬ በየት በኩል ነው?

ሃብተማርያም ፀጉር አስተካካይ ነው። ይህ ግን ለወጉ ያህል ነው እንጂ በአስመራው ገዛ ባንዳ ሰፈር ውስጥ እሱን በመቀሱ የሚያውቀው ሰው ጥቂት ነው። ሁሉም የሚያውቀው በብስክሌቱ ነበር። ሰማያዊ፣ ቀጭን፣ ጣሊያን አገር የተሠራች የእሽቅድምድም ብስክሌት ነበረችው። በወጣትነቱ የገዛት፣ አስመራን ለቆ ሊሄድ ዕቃውን ከሚሸጥ አንድ ሽማግሌ ጣሊያናዊ ነው። ከዚያ ወዲህ ደርግ መጣ፣ ሰዓት እላፊ መጣ፣ የጨለማው ዘመን መጣና ሄደ፣ በመጨረሻም ነጻነት መጣ። ብስክሌቷ ግን ከጎኑ አልተለየችም። ሚስቱ ዘቢብ እንኳ ወደ ቤቱ የገባችው ከብስክሌቷ በኋላ ነው። ይህን ዘቢብም ታውቀዋለች፤ ወድዳው አይደለም እንጂ።

ዘቢብ ወላጆቿ የአስመራ ሰዎች ይሁኑ እንጂ ተወልዳ ያደገችው አዲስ አበባ ነው። ስለዚህ በቤታቸው አማርኛውም ትግርኛውም ይነገራል። ስትቆጣ በአማርኛ፣ ስትጸልይ በትግርኛ ናት።

እሑድ እሑድ ጠዋት የገዛ ባንዳ አንጋፋ ብስክሌተኞች ተሰብስበው ከከተማው በስተደቡብ ወዳለው ሰምበል ይወርዳሉ። ከፊት ሃብተማርያም፣ ከኋላው አብሮ አደጉ መንግስትኣብ። መንግስትኣብ የፓስታ ፋብሪካ ሠራተኛ ሲሆን፣ ከግቢው ጀርባ ብስክሌት የሚጠግንባት ትንሽ ኦፊቺና አለችው። አጠር ያለ፣ ጨዋታ አዋቂ፣ እጁ ብረት የሚያናግር ሰው ነው። የሃብተማርያምን ብስክሌት ቅባት ሲቀባ እንዴት እንደሚዳብሳት ያየ ሰው፣ አንድ ነገር መጠርጠር ነበረበት። ሃብተማርያም ግን ጓደኛውን አይጠረጥርም።

ከነጻነቱ ሪፈረንደም በኋላ በነበረው ክረምት፣ ሃብተማርያም ዳገት እየወጣ ሳለ ትንፋሽ አጥሮት ከብስክሌቷ ወደቀ። በጋሪ ጭነው ወደ ቤቱ አመጡት፤ ብስክሌቷንም ከጎኑ አጋድመው። ዘቢብ በሩን ስትከፍት ያየችው ይህንን ነው፤ ከንፈሩ የጠቆረ ባልና የብስክሌት ጎማ፣ በአንድ ጋሪ ላይ። ሐኪሞች በኋላ እንዳሉት፣ በልጅነቱ ሳይታከም የቀረ የጉሮሮ ሕመም የልቡን ቫልቭ አበላሽቶት ኖሯል። ዘቢብ ግን ሐኪም የሚለውን ሳትሰማ ፈርዳ ጨርሳ ነበር። ገዳዩ ብስክሌቷ ናት።

የካቶሊክ ደናግል ደጅ ተጠንቶ፣ መንገድ ተገኝቶ፣ ሃብተማርያም ለቀዶ ጥገና ወደ ጣሊያን አገር ተላከ። ደረቱን ከፍተው ቫልቩን ጠገኑት። ነገሩን ሲያስረዱት ቶሎ ገባው። «ልቤ እንደ ጎማ አየር ታፈስ ነበር፤ ለጠፋችሁልኝ» አለ በተሰባበረ ጣሊያንኛ፤ ሐኪሞቹም ሳቁ። እሱ ግን መሳቅ አልቻለም። ሲስቅ ደረቱ ይሰነጠቃል።

እዚያ ያስታመመችው አንዲት መነኩሲት ነርስ ነበረች። ትንሽ ትራስ ሰጠችውና ስትስል፣ ስታስነጥስ፣ ስታለቅስም ደረትህ ላይ እቀፋት አለችው። አጥንቱ እስኪገጥም ድረስ ከባድ ነገር እንዳያነሣ፣ በር እንኳ በእጁ ገፍቶ እንዳይከፍት፣ ከወንበር ሲነሣ በክንዱ ሳይሆን በእግሩ እንዲነሣ አስጠነቀቀችው። መተኛት ብቻውን ግን አያድንህም፤ መድኃኒትህ መራመድ ነው አለችው። መጀመሪያ ሜዳ ሜዳውን፣ በልተህ ሳይሆን ሳትበላ፣ እየተራመድክ ከሰው ጋር ማውራት እስከምትችል ድረስ ብቻ። ማውራት ካቃተህ ፈጥነሃል። ልብህ ከደለቀ፣ ዓይንህ ካጭበረበረ፣ ደረትህን ከጨነቀህ ቁም፣ ተቀመጥ። የመጨረሻው ምክሯ ደግሞ ይህ ነበር፤ ከቤት ስትወጣ በየት በኩል እንደምትሄድ ለሚስትህ ሳትነግር እንዳትወጣ።

«ብስክሌትስ?» አላት ሃብተማርያም።

«አጥንትህ ይግጠም፣ ሐኪም ይፍቀድልህ፤ ያኔ ትነዳለህ» አለችው።

እሱ የሰማው ይህን የመጨረሻውን ነው። ሌላውን ሁሉ የጠበቀው ለዚህ ሲል ነው።

አስመራ ሲመለስ ሰፈሩ በእልልታ ተቀበለው፤ ከዚያም አልጋ ላይ ሊቸነክረው ተማማለ። እናት የሚሆኑ ጎረቤታቸው አደይ ኣረጋሽ ቅቤና በርበሬ የፈሰሰበት የገዓት ገንፎ ይዘው መጡ፤ ለአራስ እንደሚደረገው።

«አደይ፣ እኔ እኮ አልወለድኩም» አላቸው።

«ሱቕ በል ኣንታ፣ ዝም በል! ልቡን ከፍተው የሰፉት ሰው ከአራስ ያንሳል? ተኛ ወደይ፣ ተኛ ልጄ!»

ሃብተማርያም ግን አልተኛም። ከአልጋ እስከ ደጃፍ፣ ከደጃፍ እስከ ግቢ በር፣ ከግቢ በር እስከ መንገዱ ጥግ እያለ፣ ትራሱን ታቅፎ እንደ ሕፃን መራመድ ተማረ። ከተማዋ ደጋ ናትና አየሩ ከባሕር ጠረፍ እንደመጣ ሰው ያጥረው ነበር። ሰው ከሩቅ ሲራመድ ሲያየው፣ «በርታ ሃብተ! ለብሽክሌታህ ነው አይደል?» ይለዋል። እሱም «እወ፣ ለእሷ ነው» ይላል። ሁሉም ይስቃሉ። ያን ሳቅ በኋላ ሲያስታውሰው ደሙ ይፈላል።

መንግስትኣብ ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ ማታ ሳይመጣ አይቀርም ነበር። ሻሂውን ይዞ ከሃብተማርያም አጠገብ ይቀመጥና ይጠይቀዋል።

«ነገ በየት በኩል ነው የምትሄድ?»

«ምነው?»

«ላውቀው ነዋ ሓወይ፣ ወንድሜ። አንድ ነገር ብትሆን የት ብዬ ልፈልግህ?»

ሃብተማርያም መንገዱን ይነግረዋል። ስለ ብስክሌቷም ይጠይቀዋል፤ ወደ ጣሊያን ከመሄዱ በፊት በአደራ ኦፊቺናው ውስጥ ያስቀመጠለት እሱ ነውና።

«ብልቷን ፈታትቼ ቅባት ውስጥ ነክሬያታለሁ» ይላል መንግስትኣብ፤ «ስትድን ሙሽራ ሆና ትጠብቅሃለች። እኔም እንደሆን ጉልበቴን እያመመኝ ነው፤ ያላንተ ደግሞ ብሽክሌታ አልነካም ብያለሁ።»

እንዲህ ለሚል ጓደኛ ምን ይባላል? ሃብተማርያም አለቀሰ። ትራሱን ደረቱ ላይ አጥብቆ፣ አጥንቱን እየተጠነቀቀ፣ ዘቢብ እያየችው አለቀሰ። ዘቢብ ያን ጊዜ ስኳር ልጨምር ብላ ተነሣች። ሻሂው ላይ ስኳር ነበረበት።

የዐቢይ ጾም ሲገባ ሃብተማርያም ከገዛ ባንዳ ወጥቶ መሀል ከተማውን ዞሮ ይመለስ ጀመር፤ አንድም ጊዜ ሳይቀመጥ። ፀጉር ቤቱንም ከፈተ፤ እጁን ሽቅብ ማንሣት እንዳያደክመው ደንበኛውን ዝቅ ያለ ወንበር ላይ እያስቀመጠ። ልቡን የምትከታተለው ዶክተር ሄለን አንድ ቀን ደረቱን ተጭና አየችው፣ አዳመጠችው፣ የክሊኒኩን ደረጃ እያወራ እንዲወጣ አድርጋ ትንፋሹን ታዘበችው። ከዚያ መነጽሯን አወለቀች።

«አጥንትህ ገጥሟል። ልብህም ደህና ነው። ብስክሌት መጀመር ትችላለህ፤ ሜዳ ላይ፣ ቀስ ብለህ፣ ነፋስ በሌለበት ጠዋት። ዳገቱን ለጊዜው እርሳው» አለችው።

የልጅነት ደስታ ደስ አለው። ሮጦ መሄድ አማረው፤ ግን አልሮጠም። ቤት ደርሶ ለዘቢብ ሲነግራት ፊቷ ድርቅ አለ። «ተመስገን» አለች፤ ድምፅዋ ግን ለቅሶ ቤት ያለች ሰው ድምፅ ይመስል ነበር። ፈርታልኝ ነው ብሎ አሰበ። ቅዳሜ ማታ ለመንግስትኣብ ሲነግረው ደግሞ፣ እሱ ሻሂውን አስቀመጠና አንገቱን አከከ።

«ኩሽኔታው አልቋል እኮ። አዲስ ከጣሊያን እያስመጣሁልህ ነው። ትንሽ ታገሥ» አለ። ወዲያው ደግሞ፣ «ነገ በየት በኩል ነው?» ብሎ ጠየቀ።

«በዚሁ፣ ገዛ ባንዳን እዞራለሁ» አለው ሃብተማርያም።

እውነቱን ነበር። እሑድ ጠዋት ግን መታጠፊያው ላይ ሲደርስ መንገዱ ተዘግቷል። ሰው ሞቶ ዳስ ተጥሏል። በዳሱ በኩል ቢያልፍ የታወቀ ነው፤ ይይዙታል፣ ያስቀምጡታል፣ ያበሉታል፣ ስለ ልቡም ሁሉም በየተራ ይጠይቁታል። በልተህ አትራመድ ተብሏል። ማታ መጥቼ እደርሳቸዋለሁ ብሎ ወደ ደቡብ ታጠፈ። ሰውነቱም ቀሎት ነበር፤ እግሩ ሳያውቀው ወደ ሰምበል መንገድ ወሰደው። ሜዳ ነው፣ ነፋስ የለም፣ እንደተፈቀደለት። ጉዞውን የሚያውቅ ሰው አለመኖሩ ትዝ ሲለው ትንሽ ከነከነው፤ ሲመለስ ዘቢብን ይቅርታ እጠይቃለሁ አለ። ይቅርታ!

የሰምበል ሜዳ ከሚታይበት ላይ ሲደርስ ከኋላው ድምፅ ሰማ። ብስክሌተኛ መርገጡን ሲያቆም የኋላው ጎማ የሚያሰማው ያ ትክትክታ ነው። ብስክሌት ሁሉ ያሰማዋል። ይህኛው ግን ሁለቴ ትክ ካለ በኋላ አንዴ ዝም ይላል፤ የተበላ አንድ ጥርስ አለውና። ሃብተማርያም ይህን ድምፅ በእንቅልፉም ያውቀዋል። የራሱ ልብ የሚመታበትን ያህል ያውቀዋል።

ዞር አለ። ሰማያዊ ብስክሌት። ብልቷ ያልተፈታ፣ ቅባት ውስጥ ያልተነከረ፣ ኩሽኔታዋ የማይንቋቋ። ላይዋ ላይ ደግሞ ጉልበቱን የሚያመው መንግስትኣብ።

መንግስትኣብ ፍሬን ሲይዝ ጎማው ተንሸራተተ። ወረደ።  ከአፉ የወጣው ቃል ይህ ነበር፤

«አንተ በገዛ ባንዳ ነኝ አላልክም እንዴ?»

ሃብተማርያም ይህን ሲሰማ የቅዳሜው ሻሂ ሁሉ፣ «የት ብዬ ልፈልግህ» የተባለው ሁሉ ባንዴ ገለጥ አለለት። የሚፈለገው ሊታገዝ አልነበረም። ሊሸሹት ነበር። ልቡ ደለቀ። ልብህ ከደለቀ ተቀመጥ ተብሏል፤ ስለዚህ መንገዱ ዳር ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። እንዲህ ባለ ሰዓት እንኳ ታዛዥ ነበር፤ ይኸው ነው የሚያናድደው። ትንፋሹ እስኪመለስለት ድረስ ጠበቀ። ከዚያ እንደተማረው፣ በክንዱ ሳይሆን በእግሩ ተነሣ።

«አምጣት» አለ።

መንግስትኣብ መሪዋን ያዘለት። ሃብተማርያም እግሩን አሻግሮ ተቀመጠ። ለዚህች ቅጽበት ነበር በጋውን ሁሉ ትራስ ታቅፎ የተራመደው። ተቀመጠና ጉልበቱ ወደ ሆዱ መጣ። ኮርቻዋ ዝቅ ብላለች። ለአጭር ሰው ልክ እንድትሆን ተደርጋ፣ ብሎኗም አዲስ ተጠብቋል። በአደራ የተቀመጠ ዕቃ አቧራ ይጠጣል፣ ዝገት ይበላዋል፣ አንዳንዴም ይሰረቃል። ኮርቻው ግን ዝቅ አይልም።

«ሃብተ፣ ቁልፍ ይዣለሁ፤ አሁን ከፍ አደርገዋለሁ» አለ መንግስትኣብ፤ ኪሱን ይፈትሽ ጀመር።

«መቼ ነው ዝቅ ያደረግከው?»

«ለገና ሰሞን።»

«እኔ ከደጃፍ እስከ ግቢ በር መራመድ ስማር ማለት ነው።»

«ሰርቄህ አይደለም! በሐራጅ ነው የገዛሁት። ለማርያም ንግሥ፣ በሕዝብ ፊት። ለማያውቃት ሰው ከምትሄድ እኔ ልያዛት ብዬ ነው። ካላመንከኝ ዘቢብን ጠይቃት።»

ሃብተማርያም ከብስክሌቷ ወረደ። «ተዋት፤ ለቁመትህ ልክ ናት» አለና ወደ ቤቱ መንገድ ገባ። ቀስ ብሎ፣ ከሰው ጋር ማውራት በሚችልበት እርምጃ። የሚያወራው ሰው ግን አልነበረውም።

ዘቢብ ግቢ ውስጥ ምስር እየለቀመች ነበር። ፊቱን ስታይ ሰፌዱን አስቀመጠች። ማንም ሳይነግራት ገባት።

«ለማርያም ንግሥ ሐራጅ ላይ ምን ተሸጠ?» አላት።

አልዋሸችውም፤ አሁን ምን ያደርግላታል? ደረቱ በተከፈተበት ቀን ከጣሊያን ስልክ ይደወላል ተብሎ ሳይደወል ቀረ። ዘቢብ ነጠላዋን አጣፍታ ሮጠች፤ ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ተደፋች። ተሳለች። ባሌን በሕይወት ከመለስሽልኝ፣ እሱ ከነፍሱ አብልጦ የሚወዳትን አመጣልሻለሁ አለች። በማግስቱ ተርፏል ተብሎ ተደወለ። የኅዳር ጽዮን ዕለት ብስክሌቷን ከኦፊቺናው አስወጥታ፣ አበባ አስራባት ወሰደቻት። ለሐራጅ ቀረበች። ሰፈሩ ሁሉ ቆሞ አየ። አደይ ኣረጋሽ እልል አሉ።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«እንዴት ልንገርህ? ከአልጋህ የምትነሣው ለእሷ ስትል ነበር። የለችም ብልህ ትነሣ ነበር?»

ይህ እውነት ነው። እውነት መሆኑ ደግሞ ነው ይበልጥ ያቆሰለው። በሬ ሆይ፣ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ ይባላል፤ ለእሱማ ሣሩም አልነበረም።

«መንግስትኣብስ? መንገዴን እየጠየቀ የሚሸሸኝ?»

«እኔ ነኝ የለመንኩት። ሊመልስልህ ፈልጎ ነበር፤ አይሆንም አልኩት። የማርያምን ንብረት ተመልሰህ ብትነዳ የሰጠችኝን ትወስድብኛለች። ቢያንስ አታሳየው አልኩት።» አለቀሰች። «ብትሞት ይሻል ነበር? እስቲ ንገረኝ ሃብተ፣ ብትሞት ይሻል ነበር?»

 ሃብተማርያምም ክርስቲያን ነው፤ ለስለት የተሰጠ ነገር እንደማይመለስ ያውቃል። ያዳነችው ማርያም ትሁን ጣሊያናዊው ሐኪም፣ እሱ አይከራከርም፤ ለሁለቱም ያመሰግናል። ግን ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም። በሱ ልብ፣ በሱ ብስክሌት፣ በሱ እግር ላይ ሰፈር ተሰብስቦ ሲመክር፣ አንድ እንኳ እሱን የጠየቀው አልነበረም። ሁሉም ያውቁ ነበር። «ለብሽክሌታህ ነው አይደል?» ሲሉት ያውቁ ነበር።

 በጣም ዝግ ባለ ድምፅ ጠየቃት።

«ዘቢብ፣ የእኔን ሰጠሽ። ያንቺ የሆነስ ምን ሰጠሽ?»

 የሠርጓ ቀን የተደረገላት የጆሮ ወርቅ ጆሮዋ ላይ ነበር። እጇ ሳታስበው ወደዚያ ሄደ፤ ነክቶት ተመለሰ።

ሳምንቱ እንዲሁ አለፈ። ሃብተማርያም ፀጉር ቆረጠ፣ በላ፣ መድኃኒቱን ዋጠ። አልተሳደበም፣ ሽማግሌ አልጠራም፣ ቤቱን ጥሎ አልወጣም። አደይ ኣረጋሽ ሊያስታርቁ ቢመጡ ወንበር ሰጣቸውና፣ «የቐንየለይ አደይ፣ አመሰግናለሁ፤ ደህና ነኝ» አላቸው። ቅዳሜ ማታ መንግስትኣብ አልመጣም። ሻሂው ለሁለት ሰው ተቀዳ።

እሑድ ሲነጋጋ ሃብተማርያም ጫማውን አጠለቀ። ዘቢብ ቀድማው ተነሥታ በሩ አጠገብ ቆማ ነበር፤ ጋቢውን ይዛለታለች። ከጣሊያን ከተመለሰ ጀምሮ አንድም ቀን ሳያጓድል የነገራትን አሁንም እንዲነግራት ጠበቀች። እሱ የጫማውን ማሰሪያ ሲያጠብቅ ራሷ ጠየቀችው።

«ዛሬ በየት በኩል ነው?»

ሃብተማርያም የመነኩሲቷን ምክር አንዱንም አፍርሶ አያውቅም ነበር። ክብደት አላነሣም፣ በልቶ አልተራመደም፣ ልቡ ሲደልቅ ተቀምጧል፣ መንገዱን ሳይናገርም ከቤት ወጥቶ አያውቅም። ጋቢውን ከእጇ ተቀበለ፣ ትከሻው ላይ ጣለው፣ በሩንም እንደተማረው ሳይገፋ በቀስታ ከፈተው።

ዘቢብ ጥቂት ጠብቃ እስከ መንገዱ ጥግ ተከተለችው። ወደ ገዛ ባንዳ መሀል አየች፤ ወደ ሰምበል አየች። በየት በኩል እንደሄደ አላወቀችም።